የተጠማዘዙት ቅጠሎች

የጎረቤቴን የፌናን ታሪክ የምነግራችሁ ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ነው። እሷ ስታስነጥስ እኔ ከወዲህ «ይማርሽ» እላለሁ፤ እሷም ከወዲያ «ያኑርሽ» ትለኛለች። በከተማችን በፌንዳም በቦዩ ዳር የተሰለፉት ቤቶች እንዲህ ናቸው፤ ስስ ጡብ፣ ስስ ምስጢር።

ፌና ወልትሃይስ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስታጸዳ የኖረች ሴት ናት። ባሏ ኤፖ ደግሞ የድንች ስታርች ፋብሪካ ውስጥ የእንፋሎት ማሞቂያ ጠባቂ ነበር። ኤፖ ከሰው ጋር ብዙ የማያወራ ቁጥብ ሰው ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ስላለችው የመስታወት ገንዳ ከጠየቃችሁት ግን ሾርባችሁ እስኪቀዘቅዝ አይለቃችሁም። ገንዳዋ ትንሽ ናት፤ ስልሳ ሊትር ብትይዝ ነው። እሱ ግን ውስጧ ደን አሳድጎባታል። መሐል ላይ እንደ ሰይፍ ቅጠሉ የሚሰነዘር ትልቅ ተክል አለ። ከጀርባው እንደ ሪባን የሚረዝም ሣር ይወዛወዛል። ከፊት ወደ ኋላ ደግሞ ትንንሽ ተክሎች በቁመታቸው ተሰልፈው ልክ እንደ ደረጃ ይወጣሉ። በእኛ አገር ይህን ሰልፍ «መንገድ» ይሉታል፤ አንድ ሰው ሞያው የሚለካውም በሱ ነው። ስለ ዓሦቹ ስትጠይቁት ይስቃል። «እነሱ ለተክሎቹ ማዳበሪያ እንዲሠሩ የተቀጠሩ ናቸው» ይላል።

በከተማችን የውሃ ተክል አሳዳጊዎች ማኅበር አለ። አሥራ አራት ወንዶችና እኔ ነን። እኔ የገባሁት ተክል ስለምወድ ሳይሆን ታይፕ ስለምችል ነው፤ ጸሐፊ አደረጉኝ። ስለዚህ የማወራው ከጎረቤትነትም ከማኅበሩም ባየሁት ነው።

ፌና ገንዳዋን አትነካም ነበር። ገና በተጋቡ ጊዜ መስታወቱን በሳሙና ጨርቅ ወለወለችለትና ኤፖ ሦስት ቀን አኮረፋት። ከዚያ ወዲህ አጠገቧ ሹራብ ትሠራለች እንጂ እጇን አትሰድም።

በ1983 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ ላይ፣ ኤፖ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ወደቀ። ስትሮክ ነው። ሐኪም ቤት ሦስት ወር ተኛ። ሲወጣ ቀኝ እጁ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ አንደበቱም ተይዟል። የሚሰማውን ሁሉ ያውቃል፤ ዓይኑ ይነግራችኋል። ከአፉ የሚወጣው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ሐሙስ»። ለምን ሐሙስ እንደሆነ ሐኪሞቹም አያውቁም። ዳቦ ሲፈልግ «ሐሙስ»፣ ሲደክመው «ሐሙስ»፣ ሲናደድም «ሐሙስ»። ፌና በድምፁ ትለየው ጀመር። አንድ ቀን «ይኼኛው ሐሙስ መስኮት ዝጊ ነው» ብላ ስትነሳ እውነትም ብርድ ይገባ ነበር።

እሱ ሐኪም ቤት ሳለ የማኅበሩ ሰዎች ገንዳዋን ወስደን እንጠብቅልሽ ብለዋት ነበር። አልሰጠችም።

«ሲመለስ ባዶ ቦታ ማየት የለበትም» አለችኝ።

«ታውቂበታለሽ እንዴ ታዲያ?» አልኳት።

«ሠላሳ ዓመት ከጀርባው ተቀምጬ አይቻለሁ። ዓይን አለኝ አይደል።»

ያየችውም ይህ ነበር። ኤፖ በየቅዳሜው ከጓሮ ከበርሜሉ ሁለት ባልዲ የዝናብ ውሃ ይቀዳል፣ ምድጃው አጠገብ ያስቀምጠዋል፣ ሲለዝብ ከገንዳዋ የወጣውን ያህል ይተካል። ምንም ካልተጻፈበት ቡናማ ጠርሙስም አንድ ቆርኪ ማዳበሪያ ጠብ ያደርጋል። ፌናም በየቅዳሜው ሁለት ባልዲ የዝናብ ውሃ፣ አንድ ቆርኪ ማዳበሪያ አለች። ኤፖ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉ ነገር በጭንቅላቱ ነው። አሁን ደግሞ ጭንቅላቱ ተቆልፏል።

ኤፖ በሜይ ቤቱ ገባ። አልጋውን ሳሎን አደረጉለት፤ ቀን ቀን ከገንዳዋ ፊት ባለ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የሚጎበኘው የንግግር ባለሙያ ካርዶች ያሳየዋል፤ ሥዕሎቹን አያያቸውም። ቀኝ እጁን የምታሸው ልጅ ስትመጣ ፊቱን ያጠቁራል። ገንዳዋ ጋ ሲደርስ ግን አንገቱ ቀና ይላል። ቤት እየመጣች የምታየው ነርስ ለፌና «እንዲህ ዓይኑን የሚይዝ ነገር መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ እንዳይለየው» አለቻት። ነርሷ በደግ ልብ ነው የተናገረችው። ፌና ግን ያን ቀን ተክሎቹ ከደረቁ ባሏም ይከተላቸዋል ብላ ደመደመች፤ ማንም ያላለውን።

ጁላይ ላይ የዚያ ሰይፍ መሳይ ተክል አዲስ ቅጠል ጠማማ ሆኖ ወጣ።

መጀመሪያ ለኔ ነው ያሳየችኝ። ጫፉ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ተጨማዶ፣ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። «ምንም አይደለም፣ ሌላ ያወጣል» አልኳት። ሌላ አወጣ፤ ያም ከፊተኛው ያነሰና የባሰ ጠማማ። ቀጥሎ የሪባኑ ሣር እየሳሳ እንደ ተቀቀለ ጎመን ይሟሟ ጀመር። ከዚያ «መንገዱ»፣ ያ ሁሉ ሰው የሚያደንቀው ሰልፍ፣ ከአናት አናቱ ጠቆረ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፌና ማለዳ ተነስታ፣ ኤፖ ሳይነቃ፣ ካፖርቷን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ ገንዳዋ ፊት ትቆማለች። የተበላሸውን ቅጠል በትንሽ መቀስ እየቆረጠች ጓሮ ወስዳ ብስባሽ ክምር ላይ ትጥላለች። ኤፖ ሲነሳ ንጹሑን ብቻ ነው የሚያየው። ወይም እሷ እንደዚያ ይመስላታል። በግድግዳው በኩል የጓሮ በሯ ሲጮህ እሰማና «ዛሬም ቆረጠች» እላለሁ። በሩ በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ መጮህ ጀመረ።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር መጣ። ኤፖ በግራ እጁ ወደ ኩሽና እየጠቆመ «ሐሙስ፣ ሐሙስ» ይል ጀመር። ፌና ጠምቶት ነው ብላ ውሃ በብርጭቆ አመጣችለት። አንዴ ጠጣ። ሁለተኛ ስታመጣለት አፉን ገጠመ። ሻይ አመጣች፤ ራሱን ነቀነቀ። ወተት፣ የአተር ሾርባ፣ የማር ዳቦ አመጣች፤ ሁሉንም እንቢ። መልሶ ወደ ኩሽና ይጠቁማል። ተመልሳ ውሃ ስታመጣ ብርጭቆውን ይይዝና አይጠጣም፤ ዝም ብሎ ያያታል።

አንድ ከሰዓት ብርጭቆውን ይዞ ከወንበሩ ተንጠራራና ውሃውን ገንዳዋ ውስጥ ገለበጠው።

ፌና ብርጭቆውን ነጠቀችው። «ምን ነካህ! ዓሦቹን ልትገድል ነው?» ብላ ጮኸችበት። በኑሯቸው ሁሉ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ትንሽ ቆይታ የኔን በር ገፍታ ገባች። ኩሽናዬ ውስጥ ቆማ፣ እርጥቡን ብርጭቆ እንደያዘች አለቀሰች።

«ሩሊን፣ አእምሮው እየሄደ ነው» አለችኝ።

«ተይ እንጂ።»

«ነርሷን ጠየቅኳት። ከስትሮክ በኋላ መዘባረቅ ይመጣል አለችኝ። እስካሁን ምላሱ ብቻ ነው የሄደው ብዬ እጽናና ነበር እኮ።»

ዳቦ ቆረስኩላትና ቅቤ ቀባሁላት። ሳትበላው ሄደች።

ከዚያ በኋላ ጭንቀቷ ሁለት ሆነ፤ በአንድ ዓይኗ ቅጠሉን በአንድ ዓይኗ ባሏን ትጠብቃለች። ውሃ በብርጭቆ ማምጣት አቆመች፤ ክዳን ባለው ኩባያ አደረገችው። እሱም ይጠቁማል፣ ትንሽ ይቆይና እጁን ያወርዳል። አንዳንዴ ሙሉ ቀን አያነሳውም።

አንድ ቅጠል በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላ በአውቶቡስ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደች። የተክል ሻጩ ቅጠሉን በብርሃን አየና «ገርጥቷል። ብረት አንሶታል» ብሎ ጠርሙስ ሸጠላት። የታዘዘውን ጨመረች። ሳምንት ጠበቀች፤ ለውጥ የለም። እጥፍ ጨመረች። ውሃው ሻይ መሰለ፤ በቅጠሎቹ ጠርዝም ጥቁር ጸጉር የመሰለ ሻጋታ በቀለ። ከዚያ ከቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ ተዋሰች። መጽሐፉ ቅጠል ቢጫ ከሆነ ናይትሮጂን ጎድሎታል ይላል፤ ናይትሮጂን ደግሞ ከዓሣ ኩስ ይገኛል። ስለዚህ ዓሦቹን በቀን አራቴ መገበች። የተረፈው ምግብ ታች ወርዶ ሸተተ። ሁለት ዓሣ ሞተባት። እነሱንም ኤፖ ሳይነቃ አውጥታ ቀበረቻቸው።

«ቆጥሯቸው እንደሆነስ?» አለችኝ በአጥሩ ላይ።

«አሥራ ሁለት ዓሣ ማን ይቆጥራል?»

«ኤፖ ይቆጥራል።»

እኔ ከሁሉ በፊት ማድረግ የነበረብኝን ነገር አውቅ ነበር፤ ግን ፈራሁ። በማኅበራችን ቅጠል አይቶ በሽታ የሚናገር አንድ ሰው ነው ያለን፤ አቶ ድሬንት። ያኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በየዓመቱ ቤት ለቤት እየዞሩ ገንዳ ከሚዳኙት አንዱ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የኤፖን «መንገድ» አይቶ «ወደ ግራ ያጋደለ» ብሎ ሁለት ነጥብ ቀነሰበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰዎች ሰላም ተባብለው አያውቁም። ኤፖ እሱ በተቀመጠበት በኩል ጀርባውን ያዞራል። አቶ ድሬንትም «ያ ያጋደለው ሰውዬ» ይለዋል።

ሴፕቴምበር ገባ። የድንች ሥራ ተጀምሮ ከተማው ሁሉ የፋብሪካውን ሽታ ሸተተ። በዚያ ሳምንት ፌና ክብደቷ ቀንሶ ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ አጥብቃ አየኋት።

«አቶ ድሬንትን ልጥራው» አልኳት።

«አብደሻል? ኤፖ ሲያየው ሁለተኛው ስትሮክ ይመታዋል።»

«አለበለዚያስ?»

ያንን የመርፌ ቁልፍ እየከፈተች ስትዘጋ ቆየች። በመጨረሻ «እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ። ፊቱ ከተለወጠ ወዲያው ታስወጪዋለሽ» አለች።

ማክሰኞ ዕለት አቶ ድሬንት በብስክሌቱ መጣ። ኪሱ ውስጥ አጉሊ መነጽር ይዟል፤ ጫማውን ምንጣፉ ላይ ሦስት ጊዜ ጠረገ። ኤፖ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፌና በሩ ላይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ እኔ ስልኩ አጠገብ ነኝ።

አቶ ድሬንት ሰላምታም ሳይሰጥ ገንዳዋ ፊት ተንበረከከና ብዙ አየ። ጉልበቱ ቋ አለ።

«የወደቁት ቅጠሎች የት አሉ?» አለ።

«ቆረጥኳቸው» አለች ፌና።

«ሁሉንም?»

«የተበላሹትን።»

«ወይዘሮ ፌና፣ እርስዎ ማስረጃውን እየጣሉ ፍርድ ይጠይቁኛል። የትኞቹ ናቸው የተበላሹት? ከታች ያሉት አሮጌዎቹ ወይስ ከላይ የሚወጡት?»

«እኔ... የተበላሸውን ነው የቆረጥኩት። ከየት እንደሆነ አላየሁም። እሱ ሳይነቃ ቶሎ ቶሎ ነው።» ወደ ኤፖ አየች፤ ድምፅዋ ወረደ። «እንዳያይ ነው።»

አቶ ድሬንት ተነሳ። «ብስባሽ ክምር አለዎት?»

ሦስታችን ጓሮ ወጣን። እሱ ያማረ ሱሪውን ሰብስቦ ክምሩን በትንሽ መቆፈሪያ ገለበጠ። የድንች ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ ከሥሩም የረጠቡ ቅጠሎች ወጡ። አንድ በአንድ የጓሮው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቸው። ፌና እጇን በሽርጧ እየጠረገች ታያለች።

«ይኸው» አለ። «ሁሉም ትንንሽ ናቸው፤ ሁሉም አዲስ ናቸው። አሮጌ ቅጠል አንድም የለም። እነዚያ ትልልቆቹ ገንዳው ውስጥ ደህና ቆመዋል። አሁን ይስሙኝ። ተክል ሲርበው እንደ እናት ነው። ከአሮጌው ቅጠል ነጥቆ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ስለዚህ አሮጌው ነው ቢጫ የሚሆነው። ናይትሮጂን ቢጎድል፣ ፖታሲየም ቢጎድል እንዲያ ነው። አንዳንድ ነገር ግን አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገባ አይነቀልም። ሲጎድል አዲሱ ባዶ እጁን ይወለዳል።»

«ብረት ነው ብሎኝ ነበር ሻጩ» አለች ፌና።

«ብረትም እንዲያ ነው፣ አዲሱን ነው የሚጎዳው፤ ሰውየው ያለ ነገር አልተናገረም። ግን ብረት ሲጎድል አዲሱ ቅጠል ይገረጣል እንጂ እንዲህ አይጠማዘዝም። እርስዎ ቀለሙን አዩ፤ ቅርጹን አላዩም።»

ወደ ቤት ተመለስን። እጅጌውን ጠቅልሎ እጁን ገንዳው ውስጥ ከተተና አንድ ትንሽ ቀንድ አውጣ አወጣ። ቅርፊቷ ነጭ ሆኖ፣ ተቦርቡሯል። በጣቱ ቢጫናት ቅርፊቷ እንደ ደረቅ ብስኩት ተሰነጠቀ።

«ይቺስ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?»

«አርጅታ መስሎኝ» አለች ፌና።

«ቅርፊቷን የምትሠራበት ካልሲየም የለም። ተክሎቹም አዲስ ቅጠል የሚያቆሙበት የላቸውም። ውሃው ምንድን ነው?»

«የዝናብ ውሃ።»

«እና?»

«የዝናብ። ኤፖ እንደሚያደርገው። በየቅዳሜው ሁለት ባልዲ።»

«የዝናብ ብቻ?» አቶ ድሬንት ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኤፖ ዞረ። «እሱ ያጋደለ ሰው ነው፤ ሞኝ ግን አይደለም።»

ኤፖ ፊቱን ከግድግዳው መልሶ ነበር። ግራ እጁ ወደ ኩሽና ተዘርግቷል። «ሐሙስ» አለ። ቀጥሎ ኃይለኛ ድምፅ አወጣ፤ «ሐሙስ!»

ፌና ከልማድ ተነስታ ሄደች። የቧንቧው ድምፅ ተሰማ። ኩባያው ታጥቦ ስለተዘቀዘቀ በብርጭቆ ቀዳች፤ ወደ ሳሎኑ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። ብርጭቆውን አየችው። ኤፖን አየችው። ገንዳዋን አየች። እኔም ያኔ ነው የገባኝ።

«የቧንቧ ውሃ» አለች ቀስ ብላ። «ትጨምርበት ነበር። መቼ? መቼ ነበር የምትጨምረው? እኔ ቤት በሌለሁበት?»

ኤፖ ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። እሱ አዎ ሲል እንዲያ ነው።

በኋላ አንድ በአንድ እየጠየቀችው በዓይኑ አዎ እያለ እንዳስረዳት፣ ለካ በየማክሰኞው ጠዋት፣ ከሌሊት ተራ ሲወጣ፣ እሷ ትምህርት ቤት ወለል ስትፈገፍግ፣ እሱ ከኩሽና ቧንቧ ሁለት ባልዲ ይቀዳ ኖሯል። ግማሽ ዝናብ፣ ግማሽ ቧንቧ። የእኛ ቧንቧ ውሃ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ድንጋይ የሚተው ነው፤ ካልሲየሙ በሽ። ሠላሳ ዓመት ያየችው የቅዳሜውን ብቻ ነበር።

ፌና ብርጭቆውን ይዛ ሄደችና እሱ እንዳደረገው ገንዳዋ ውስጥ አፈሰሰችው። ከዚያ ወለሉ ላይ፣ እግሩ ሥር ተቀመጠች።

«ከጁላይ ጀምሮ ስትነግረኝ ነበር» አለችው። «እኔም ጮህኩብህ።»

ኤፖ ደህናውን እጁን ራሷ ላይ አደረገ። «ሐሙስ» አለ፤ በዚህኛው ድምፅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። አቶ ድሬንት የዓይኑን መነጽር አውልቆ ሲጠርግ ብዙ ቆየ።

ሊሄድ ሲል ለፌና ነገራት። «በአንዴ እንዳይለውጡት። ዓሦቹ ስስ ውሃ ለምደዋል፤ ይደነግጣሉ። በቀን አንድ ማንቆርቆሪያ፣ ቀስ እያሉ። ብረቱን ይተዉት። ምግቡንም ይቀንሱ፤ ዓሦቹ ከቄስ በላይ ወፍረዋል። የተጠማዘዘው ቅጠል አይቃናም፤ አይጠብቁት። የሚጠብቁት ቀጣዩን ነው።»

ያ ጥበቃ ለሷ ከበፊቱ ሁሉ የከፋ ነበር። በፊት ምን እንደሆነ አታውቅም፤ አሁን ታውቃለች፤ ከረፈደ ግን ጥፋቱ የራሷ ነው። በቀን አንድ ማንቆርቆሪያ ትጨምራለች፤ በቀን አሥር ጊዜ ታያለች። በመጀመሪያው ሳምንት የሪባኑ ሣር ጨርሶ ሞተ። በሁለተኛው «መንገዱ» ከግማሽ በላይ አለቀ። እኔን በአጥሩ ላይ «ውሸቱን ቢሆንስ? ሽማግሌ ነው፣ ዓይኑ ደክሟል» ትለኛለች። ኤፖ ግን ተረጋግቷል። እጁን ወደ ኩሽና አይዘረጋም፤ ምግቡን ይበላል፤ እጁን በምታሸው ልጅ ላይ እንኳ ፊቱን አያጠቁርም። ፌና እሱን ስታይ ደግሞ «ተስፋ ቆርጦ ይሆን?» ትላለች። የጨነቀው ሰው ደህናውንም ነገር በክፉ ይተረጉመዋል።

ቅጠል መቁረጧን ግን አቆመች። ማለዳ የኤፖን ወንበር ወደ ገንዳዋ አስጠግታ የተበላሸውን ሁሉ አብረው ያያሉ። እሷ በመቀሱ ጫፍ አንዱን ትነካለች፤ እሱ ዓይኑን ከጨፈነ ትቆርጣለች፣ ካልጨፈነ ትተወዋለች። አንድ ጠዋት በግድግዳው በኩል ስትስቅ ሰማኋት። በኋላ ስጠይቃት፣ ለካ ኤፖ ዓሦቹን በጣቱ ቆጥሮባት ነበር፤ የግራ እጁን ጣቶች ሁለቴ ዘርግቶ አሥር አሳይቷት፣ ከዚያ ሁለት ጣቱን ወደ ጓሮ ቀስሮ። የቀበረችበትንም በመስኮት አይቷል።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን በሬን በጡጫ መታች። ካፖርት አልደረበችም፤ በሌሊት ልብሷ ናት።

«ነይ እይ። አንቺ እይልኝ፤ የኔን ዓይን አላምነውም።»

ከሰይፉ መሐል የጣት ጥፍር የምታክል ቅጠል ወጥታለች። ፈዛዛ አረንጓዴ ናት፤ ጫፏ ሹል፣ ገላዋ ቀጥ ያለ። ፌና አጠገቤ ቆመች። «ቀጥ ያለች ናት» አልኳት። «እርግጠኛ ነሽ?» አለች። «እርግጠኛ ነኝ።» «ነገ ብትጠማዘዝስ?» አለችኝ። አልተጠማዘዘችም።

አቶ ድሬንት ከዚያ በኋላ በየማክሰኞው ይመጣ ጀመር። የሚመጣው ተክሎቹን ለማየት ነው ይላል። ከኤፖ ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ እሱ ያወራል፣ ኤፖ «ሐሙስ» ይላል፣ እሱ ይከራከረዋል። አንድ ቀን ሲወጣ ለፌና «ከዚህ ሰውዬ ጋር እንደ ዘንድሮ ተስማምተን አናውቅም» አላት። ስለ ሁለቱ ነጥብ ግን ይቅርታ አልጠየቀም። ኤፖም «መንገዱን» እንደ አዲስ ሲያስተክል፣ እሷ እየተከለች እሱ እየጠቆመ፣ ሆን ብሎ ወደ ግራ አጋደለው።

ኤፖ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ተኩል ኖረ። ቃል አልተመለሰለትም፤ ሁለት ብቻ ተጨመሩለት። አንደኛው «ፌና» ነው፤ ሁለተኛው እዚህ የማይጻፍ ስድብ ነው፤ ሁለተኛውን ነው የሚያዘወትረው። አፕሪል ውስጥ፣ ቀን፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አረፈ።

ፌና ገንዳዋን ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ጠበቀቻት። ማኅበራችን ውስጥም ገባች። ሰው ቅጠል ይዞላት ሲመጣ ለማንም ቶሎ መልስ አትሰጥም፤ ቤታቸው ሄዳ ውሃውን፣ ቀንድ አውጣውን፣ የሰውዬውንም ልማድ ታያለች። ጭንቀቷ ግን አልተዋትም፤ ቦታ ብቻ ቀየረ። አሁን የሚያስጨንቃት የኔ ሳል ነው።

ትከሻዋ ባልዲ ማንሳት ሲከለክላት ገንዳዋን ታጸዳው ለነበረው ትምህርት ቤት ሰጠች። ሲወስዱላት አላለቀሰችም። ከአንዲት መምህርት ጋር ሁለት ሰዓት ቁጭ ብላ አያያዙን ሁሉ፣ የዝናቡንም የቧንቧውንም ውሃ ልክ አስጻፈቻት፤ መምህሯ ተሰላችታ እስክሪብቶዋን ስታስቀምጥ እንደገና አንሺው አለቻት።

በበጋ ረቡዕ ረቡዕ ከእህቷ ጋር በአውቶቡስ ወደ ባሕሩ ትሄዳለች። ወደቡ ላይ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ገዝተው ይበላሉ። ገንዳዋ ቤት ውስጥ ሳለች ዓሣ አትበላም ነበር፤ ነውር ይመስላት ነበር። ባለፈው ሳምንት እኔንም ይዛኝ ሄደች። ነፋሱ ወረቀቱን ሊነጥቀን ሲል በሁለት እጇ ይዛ «ቶሎ ብይ፣ ይቀዘቅዝብሻል» አለችኝ።